አይነሱ፣ መምህር

ፍቅር ሰውን ከአልጋ ሊያስቀር እንደሚችል ለማመን የሚቸግረው አንባቢ ካለ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ላጫውተው።

እኚህ መምህር ዕድሜያቸውን ሁሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ተማሪዎቻቸው በሌሉበት «ጋሽ ሲኖኒም» ይሏቸው ነበር፤ አንድን ቃል ለብቻው አስተምረው አያውቁምና። ቃል ከመጣ ከነወንድሙ፣ ከነእህቱ፣ ከነአክስቱ ልጅ ተሰልፎ ነው የሚመጣው። ከሁሉም አብልጠው የሚወዷቸው ደግሞ ወደ ላይ መነሳትንና መብረርን የሚናገሩትን ግሶች ነበር። ራይዝ፣ ማውንት፣ ክላይምብ፣ አሴንድ፣ ሶር እያሉ ከሰሌዳው ግርጌ እስከ አናቱ ሲጽፉ፣ መጨረሻው ላይ በእግራቸው ጣት ይቆሙ ስለነበር፣ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች መምህሩ አንድ ቀን በመስኮት በረው ይሄዳሉ እያሉ ይወራረዱ ነበር።

የወደቁትም በዚሁ ፍቅር ነው። ከመደርደሪያቸው ጫፍ ላይ ያለውን ትልቁን መዝገበ ቃላት ለማውረድ በእንጨት መሰላል ወጡና ዘጭ አሉ። መዝገበ ቃላቱ ምንም አልሆነም፤ የእሳቸው ዳሌ ግን ተሰበረ። በቀዶ ሕክምና ተጠግነው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሐኪሙ በየቀኑ እየተነሱ እንዲራመዱ አጥብቆ ነግሯቸው ነበር። ባለ አራት እግር የብረት መራመጃም አብሮ ላከላቸው። ሆኖም «ይነሱ» ያላቸው አንድ ሐኪም ሲሆን፣ «አይነሱ» የሚላቸው ሰው ሕንፃው ሙሉ ነበር።

ጠያቂ ሲገባ መምህሩ እንደ ጨዋ ሰው ቀና ለማለት ይሞክራሉ። ያን ጊዜ ጠያቂው ከበሩ ላይ ሆኖ «አይነሱ፣ በሞቴ፣ አይነሱ» ይላል። ምድር ቤት የሚሠራው ልብስ ሰፊ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ይመጣና «ለእኔ ብለው ነው? አይነሱ» ብሎ በሁለት እጁ ትከሻቸውን ወደ ትራሱ ይመልሳል። ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጃቸው በስልክ «እማዬ፣ አባዬ እንዳይነሳ አደራ» ትላለች። ባለቤታቸው ይህን አደራ ከልባቸው ተቀብለው ቤቱን በሙሉ ወደ አልጋው ሰበሰቡት። ምላጩ፣ መስታወቱ፣ ሬዲዮኑ፣ የውኃ ብርጭቆው እጅ ከሚደርስበት ቦታ ሰፈሩ፤ ፖፖው ከአልጋው ሥር ገባ። ከራስጌው አንድ ሲባጎ ተነስቶ፣ በበሩ አናት አልፎ፣ ማድ ቤት ካለች ትንሽ ቃጭል ጋር ታሰረ። መምህሩ ሲባጎውን ሳብ ሲያደርጉ ቃጭሏ ትንጫጫለች፣ ባለቤታቸውም «መጣሁ» ይላሉ። የብረት መራመጃው ከነላስቲኩ በሩ ጀርባ ቆሞ ፎጣ ይሰጣበት ጀመር።

ከወር በላይ እንዲህ አለፈ። አልጋው ከመስኮቱ ጥግ ስለሆነ መምህሩ ተኝተው የሚታያቸው ሰማዩና ከማዶ ያለው የላውንደሪ ጣሪያ ነው። ከላውንደሪው ቧንቧ ነጭ እንፋሎት ቀኑን ሙሉ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። መምህሩ አንዱን ጉም ይመርጡና በዓይናቸው ይከተሉታል። መጀመሪያ ይነሳል፣ ከዚያ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ እየሳሳ ሄዶ ይተናል። ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛውን ቃል ይሰጡታል፤ ቃሉን ሳያገኙለት የጠፋ ጉም ሲኖር ብቻቸውን ይናደዳሉ። በዚህ መሃል እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋቸውና እሳቸውም ይነሳሉ። በሕልማቸው ከነተኙበት፣ ከነብርድ ልብሳቸው፣ ቀስ ብለው ከፍራሹ ይለቃሉ። ጣሪያው ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል። በአራተኛው ፎቅ ባዶ ክፍል ውስጥ ያልፋሉ፣ አቧራው በፀሐዩ ሲጫወት ያያሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው። ሲነቁ ጣፋጭ ነገር እንደቀመሰ ሰው ከንፈራቸውን ይልሳሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከእንዲህ ያለ ሕልም ሲመለሱ ደረጃው ላይ ድምፅ ሰሙ።

«እማማ፣ ይስጡኝ፣ እኔ ላድርሰው።»

«ኧረ ተይው ልጄ፣ ይደፋብሻል፣ ልብስሽ ይበላሻል።»

«ልብስማ ይታጠባል። ወገብ ግን አይቀየርም።»

ውኃ እስከ ፎቅ መውጣት ካቆመ ቆይቷልና ባለቤታቸው ከግቢው በባልዲ ያመላልሱ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ባልዲውን የያዘች አንዲት ወጣት ገባች። በኋላ እንደተረዱት አራተኛ ፎቅ የሚከራየውን ክፍል ለማየት የመጣች ናት። ቁልፉ መምህሩ ቤት ስለሚቀመጥ ባለቤታቸውን ፍለጋ ስትወጣ፣ ደረጃው መሃል ባልዲ አስቀምጠው ወገባቸውን ይዘው አገኘቻቸው።

መምህሩ እንደ ልማዳቸው በክርናቸው ተደግፈው ቀና ማለት ጀመሩ። «እንደምን ዋልሽ፣ የኔ ልጅ» አሉና የለመዱትን ቃል ጠበቁ። ቃሉ አልመጣም። ወጣቷ ባልዲውን አስቀምጣ፣ እጆቿን አጣምራ፣ እስኪነሱ ድረስ በአክብሮት ቆማ ትጠብቃለች። መምህሩ ትንሽ ቀና አሉ። አሁንም ዝም አለች። ክርናቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወደ ላይ መሄዱም ወደ ታች መመለሱም አሳፈራቸው።

«አይነሱ እንጂ፣ አባቷ» አሉ ባለቤታቸው ደንግጠው። መምህሩም እፎይ ብለው ትራሳቸው ላይ ወደቁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ወጣቷ፣ «ያ በሩ ጀርባ ያለው ምንድን ነው?»

«ፎጣ መስቀያ ነው» አሉ ባለቤታቸው።

«ፎጣ መስቀያው መራመጃ ይመስላል።»

«መራመጃም ነበር» አሉ ባለቤታቸው ትንሽ አፍረው።

ወጣቷ ፈገግ አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ አባባ። እዚህ ታች ያለው ሆስፒታል ሥራ መጀመሬ ነው። ሥራዬ ሐኪም የጠገነውን ሰው መልሶ ማስነሳት ነው። ሐኪምዎ እንዲነሱ አላዘዘም?»

«አዟል» አሉ መምህሩ። «ሐኪም ግን ወጣት ነው፣ ይቸኩላል። የተሰበረ ነገር ሲጠገን እስኪደርቅ አይነካም። ወንበር እንኳ ኮላ ሲቀባ አንድ ሌሊት ያድራል፤ እኔ ደግሞ ከወንበር ይልቅ ዕድሜ አለኝ።»

«ወንበር ሕይወት የለውም። ዓመት ሙሉ ቢያጋድሙት እግሩ አይቀጥንም። የሰው እግር ግን ካልሠራ ሥጋው ይሸሻል። እርስዎ እግርዎን ካዩት ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?»

መምህሩ ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። እግራቸውን ማየት ካቆሙ ቆይተዋል።

«ዕረፍት እንዴት ክፉ ይሆናል?» አሉ። «በሽተኛ ይረፍ ሲባል ነው ያደግሁት። እናቴ ስታመም ከንፈሬን እንኳ በእጇ ነበር የምታረጥብልኝ።»

«እናትዎ ትክክል ናቸው። ትኩሳት ያለበት ልጅ ይረፍ። የእርስዎ አጥንት ግን ብረት ገብቶለታል፣ ሰውነት ይዞ ሊቆም የታሰረ ነው። አሁን የሚጎዳዎ ስብራቱ ሳይሆን አልጋው ነው። ሰው ሲተኛ ሳንባው በደንብ አይከፈትም፣ አክታ ይጠራቀማል። ሳል አልጀመርዎትም?»

«ጎህ ሲቀድ ያስላቸዋል» አሉ ባለቤታቸው ቶሎ ብለው።

«ደም በእግር ውስጥ መሄዱን ትቶ ይረጋል። አንድ ቦታ ብቻ የሚጫን ቆዳ ይቆስላል። ተረከዝዎ ደህና ነው?»

መምህሩ ተረከዛቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብለው ሸሸጉት። ሁለቱም ሴቶች ይህን አዩ።

«ልጄ» አሉ መምህሩ ክብራቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ዕድሜዬን በሙሉ ቆሜ አስተምሬአለሁ። ክፍል ስገባ ተማሪ ሁሉ ተነስቶ ሲቀበለኝ ኖሬአለሁ። አሁን እኔ ብተኛ ማን ይጎዳል?»

ወጣቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ባለቤታቸውን አየች። እሳቸው ባልዲውን ወደ ማድ ቤት ሊወስዱ ጎንበስ ብለው፣ ቀና ለማለት የበሩን መቃን ይዘው ነበር። መምህሩ ግን ዓይናቸው እንፋሎቱ ላይ ስለነበር አላዩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሰው ምክር ሲሰማ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ምክሩን ሳይሆን የመካሪውን ዕድሜ ነው። መምህሩም ልጅቷ ከሄደች በኋላ «ጥሩ ልጅ ናት፤ ገና ልጅ ናት እንጂ» አሉ። ባለቤታቸውም «ደግ ናት፤ አያያዟ ግን የወታደር ነው» አሉና ፎጣውን መራመጃው ላይ አገላብጠው አሰጡት።

ወጣቷ ክፍሉን ተከራየች። ማታ ማታ እግሯ ከኮርኒሱ በላይ ወዲያ ወዲህ ሲል መምህሩ ይሰማቸዋል፤ በሕልማቸው የሚያልፉበት ባዶ ክፍል ሰው ስለገባበት መጀመሪያ ቅር አላቸው። እሷ ግን ከሥራ ስትመለስ ብቅ እያለች ሰላም ትላቸዋለች፤ አንድም ቀን «አይነሱ» አትልም፣ «ይነሱ» ብላም አትነዘንዝም። አንድ እሁድ ወንበሯን መስኮቱ አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠች።

«መምህር፣ እንፋሎቱ ላይ ምን ያያሉ?»

«ቃላት» አሉ። ደስ አላቸው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። «እዪ፣ ያ አሁን የወጣው ራይዝ ነው። ራይዝ የሁሉ ቃል ነው። ፀሐይም፣ ጢስም፣ የስኳር ዋጋም ይነሱበታል። እዚህ ቤት በራሱ የሚነሳ የስኳር ዋጋና የእኔ ደም ግፊት ብቻ ነው።» ወጣቷ ሳቀች፤ እሳቸውም ሞቅ አላቸው። «አሴንድ ግን ክብር አለው። ልብሱን ሰብስቦ፣ ሳይቸኩል፣ እያንዳንዱን ደረጃ እያከበረ የሚወጣ ሰው ነው። ሶር ደግሞ፣» አሉና እጃቸውን ዘረጉ፣ «ሶር ማለት ክንፍ ሳታርገበግቢ አየሩ ራሱ ተሸክሞ ሲያወጣሽ ነው። እኛ መጠቀ ብንል፣ ተንሳፈፈ ብንል እንጠጋዋለን። በሕልሜ እንደዚያ ነው የምወጣው።»

«በሕልምዎ ይበራሉ?»

«በየቀኑ። ከነተኛሁበት ብድግ እላለሁ፣ ጣሪያውን አልፋለሁ፣ አንቺንም ሳላስቀይም ክፍልሽን አልፋለሁ።»

«እግርዎ የት ነው በሕልምዎ?»

መምህሩ አሰቡ። «አላየሁትም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ይሆናል።»

«ክላይምብስ? እሱ አይመጣም?»

«እሱ በሕልሜ የለም። እጅና እግር ይፈልጋል፣ ላብ አለበት።» ድምፃቸው ትንሽ ቀዘቀዘ፤ መሰላሉ ትዝ ብሏቸዋል።

ከላውንደሪው ጣሪያ ጠርዝ ላይ ርግቦች ነበሩ። «እስቲ ያችን ርግብ ይዩዋት» አለች ወጣቷ። «ክንፏን ይተዉት። እግሯን ይዩ።»

ርግቧ ጠርዙ ላይ ተራመደች፣ ቆመች። ከዚያ ደረቷን ዝቅ አድርጋ ጎንበስ አለች፣ በሁለት እግሯ ጠርዙን ገፍታ ተስፈነጠረች፤ ክንፏ ተዘርግቶ አየሩን የመታው ከዚያ ወዲያ ነው። መምህሩ ሌላዋን ጠበቁ። እሷም እንደዚሁ አደረገች። ሦስተኛዋንም አዩ፤ መነጽራቸውን ጠርገው አራተኛዋን ተከተሉ።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ክንፉን ብቻ ነው ያየሁት» አሉ በቀስታ።

«ርግብም ብትሆን ከመብረሯ በፊት በእግሯ ትነሳለች። ለዚህ ለመጀመሪያው፣ በጣም ለትንሹ፣ እንግሊዝኛው ምን ይለዋል?»

 «ጌት አፕ» አሉ፤ ሲናገሩት እንደማፈር አደረጋቸው። «ተማሪ ድርሰቱ ውስጥ ይቺን ቃል ከጻፈ በቀይ እሰርዛትና ከጎኗ <ያደገ ቃል ፈልግ> ብዬ እጽፍ ነበር። የማንም ቃል ናት። ጠዋት ከአልጋው የሚወርድ ሰው ሁሉ ይጠቀምባታል።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ የምናገረው እሷን ብቻ ነው፣ መምህር። እሷን ለማግኘት የሚያለቅስ ሰው በየቀኑ አያለሁ። አንድ ጎልማሳ ባለፈው ሳምንት ሁለት እግሩ ላይ ሲቆም <ረጅም ነበርኩ ለካ> አለኝ።»

መምህሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሰሌዳው ፊት ድምፅ አልነበረም።

«እውነቱን ልንገርሽ? አጥንቱ አይደለም፣ ወንበርና ኮላውም አይደለም። ከመሰላሉ ስለቅ ወለሉ ወደ እኔ ሲመጣ አይቻለሁ። አሁንም እግሬን ላወርድ ሳስብ ወለሉ ይመጣብኛል። እዚህ ተኝቼ ሳለሁ ግን ወለል የለም፣ ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

«መፍራትዎ ልክ ነው» አለች ወጣቷ። «ወድቆ የማይፈራ ሰው ካየሁ እኔ ነኝ የምፈራው። ግን ብቻዎን ይነሱ አላልኩም። አልጋው ከኋላዎ፣ መራመጃው ከፊትዎ፣ እኔ ከጎንዎ ሆኜ ነው። አቅምዎ አለ፤ ዛሬ አለ። እየቆየ ግን ይሄዳል፣ ሲሄድ ደግሞ አይናገርም። ሁለት ሦስት ወር እንዲህ ከቀጠሉ መነሳት ቢፈልጉም እግርዎ እሺ ላይል ይችላል።»

«ነገ» አሉ መምህሩ።

በማግስቱም «ነገ» አሉ። እሷ ቅር ሳይላት ተመላለሰች፤ ነገም የእንቅልፍ ወንድም ሆኖ አልጋው ላይ አብሯቸው ተኛ።

አንድ ጠዋት መምህሩ እንደ ጉድ የጠራውን ሰማይ እያዩ ውኃ ጠማቸው። ባለቤታቸው ከግቢው ሲመለሱ በሩ ሲከፈት፣ ባልዲው ማድ ቤት ሲቀመጥ ሰምተዋል። ወዲያው ደግሞ ድብ የሚል ድምፅና የሚንከባለል ድስት ሰሙ። ከዚያ በኋላ ፀጥ አለ።

ሲባጎውን ሳቡ። ቃጭሏ ተንጫጫች።

«መጣሁ» አሉ ባለቤታቸው። ድምፃቸው የመጣው ከወትሮው ዝቅ ካለ ቦታ ነው። ግን አልመጡም።

«እናቷ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ወገቤ ያዝ አደረገኝና ቁጭ አልኩ። ወለሉ ላይ ነኝ። አይነሱ፣ አባቷ፣ አሁን እነሳለሁ።»

መምህሩ ደነገጡ። ሰው የደነገጠ ጊዜ እጁ የለመደውን ያደርጋልና፣ ሰው ጥሩልን ለማለት ሲባጎውን ደግመው በኃይል ሳቡት። ቃጭሏ ማድ ቤት ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ከተቀመጡት ሴትዮ አናት በላይ ተንጫጫች። ያቺ ቃጭል በዓለም ላይ የምትጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወድቋል።

«መጣሁ እኮ» አሉ ባለቤታቸው፤ ለመሳቅ ሞክረው ሳቁ ወደ ማቃሰት ዞረባቸው።

መምህሩ ሲባጎውን ለቀቁት። በዚያች ቅጽበት ያፈሩትን ያህል በሕይወታቸው አፍረው አያውቁም። እንባ ዓይናቸውን ሞላው። ደረጃውንና ባልዲውን፣ የበሩን መቃን የያዘውን እጅ፣ ሳያዩ ያለፉትን ሁሉ አንድ ላይ አዩት። እሳቸው ከፍራሹ ተንሳፍፈው ወደ ሰማይ ሲወጡ፣ ከሥር ሆኖ የሚሸከማቸው አየር አልነበረም፤ የዚህች ሴት ወገብ ነበር።

ብርድ ልብሱን ገፈፉ። እግራቸውን አዩት፤ እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጥኗል። በደህናው እግር ሌላውን እየጎተቱ፣ በእጃቸው እያገዙ፣ ሁለቱንም ከአልጋው ጠርዝ አወረዷቸው። ወለሉ አልመጣባቸውም። እዚያው ነበር፤ ቀዝቃዛና ጠንካራ ሆኖ ሲጠብቃቸው የቆየ መሰላቸው። ለመቆም ግን አቅሙም ድፍረቱም አልመጣም። ስለዚህ ያላቸውን አደረጉ፤ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ፀጥ ያሰኝ በነበረው ድምፃቸው ወደ ኮርኒሱ ተጣሩ።

ወጣቷ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ እንዳልታሰረ ወረደች። መጀመሪያ ማድ ቤት ገብታ ባለቤታቸውን መረመረች፤ እጅና እግራቸውን አንቀሳቀሰች፣ ወገባቸውን ዳሰሰች። የተሰበረ ነገር የለም፤ በሸክም ብዛት የተኮማተረ ጡንቻ ነው። ደግፋ አምጥታ ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው ሶፋ ላይ በጎን አስተኛቻቸው፣ ከጉልበታቸው መካከል ትራስ አደረገችላቸው። ከዚያ ዘወር ስትል መምህሩን አየቻቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት እግራቸው ወለሉን ረግጧል።

«ከየትኛው እግር ነው የሚጀመረው?» አሉ። «ንገሪኝ። ነገ እንዳትዪኝ ብቻ።»

ወጣቷ ፎጣዎቹን አንስታ የመራመጃውን ላስቲክ ቀደደች። መራመጃውን ከፊታቸው አቆመች። «መጀመሪያ ወደ ጠርዙ ትንሽ ጠጋ ይበሉ። እግርዎን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። እጅዎ መራመጃውን አይያዝ፣ ገና ነው፤ አልጋውን ይግፋ። አሁን ጎንበስ ይበሉ፤ አፍንጫዎ ከጣቶችዎ በላይ እስኪሆን።»

«እንደ ርግቧ» አሉ መምህሩ።

«እንደ ርግቧ። በደህናው እግር ይግፉ።»

ገፉ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ አንድ ነገር ከሥራቸው ለቀቀ፤ አልጋው ወደ ታች ሄደ፣ መስኮቱ ወደ ታች ሄደ፣ የሬዲዮኑ አናት ከነአቧራው ታየ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። እጃቸው መራመጃውን ያዘ፤ የወጣቷ እጅ ጀርባቸው ላይ ነበር። ቆሙ።

መስኮቱን ሲያዩ ሰማዩ ቦታውን ለቆ መንገዱ መጣ። ያን ያህል ጊዜ ያላዩት መንገድ ከነሰዉ ይሄዳል። የላውንደሪው በር ክፍት ነው፤ ከውስጥ ሁለት ሴቶች አንድ ሰፊ አንሶላ በአራት ጫፉ ይዘው ያጥፋሉ፣ ሌላዋ ትተኩሳለች፤ ከካውያው ሥር እንፋሎቱ ይወጣል።

«ለካ ከሥሩ ሰው አለ» አሉ መምህሩ። ከዚያ ወደ ሶፋው ዞር ብለው ባለቤታቸውን ከላይ ወደ ታች አዩዋቸው። «እናቷ፣ ይቅር በዪኝ» አሉ። ባለቤታቸው ያለቅሱ ነበር፤ እጃቸውን ዘረጉላቸው። መምህሩ እጃቸውን ከመራመጃው ሊለቁ ሲሉ ወጣቷ «ለዛሬ እሱ ይቅር» አለችና ሦስቱም ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማንም ሊገምተው ይችላል፤ ቢሆንም ለጥቅሙ ስል ልናገር። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ቆመው ተቀመጡ፤ በቀጣዩ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ማድ ቤቱ ሄዱ። ሳሉ ሳንባቸው ሲከፈት እየቀለለ ሄዶ ጠፋ። ተረከዛቸው ከጫና ሲያርፍ ቁስሉ ደረቀ። ምግብ በጠረጴዛ መብላት ሲጀምሩ የመብላት ፍላጎታቸው ተመለሰ፤ ቀን ስለሚደክሙ ሌሊት በደንብ ይተኛሉ። ፖፖው ተሰናበተ። ባለቤታቸው ወገባቸውን ሳይጎዱ እንዴት ዕቃ እንደሚያነሱና እንደሚጎነበሱ ከወጣቷ ተማሩ፤ ባልዲውን ደግሞ የሕንፃው ጎረምሶች በየተራ ያወጡላቸው ጀመር። ልብስ ሰፊው የመምህሩን ሱሪ ሊያጠብብ ለክቶ ሄዶ ነበር፤ ሥራ ማዘግየቱ የጠቀመው በዚህ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድበታል፣ ምክንያቱም ሱሪውን ሳይቆርጠው የመምህሩ እግር መልሶ ሞላ። ልጃቸው ስትደውል ስልኩን የሚያነሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሲባጎው ማድ ቤትና መኝታ ቤቱ መካከል አሁንም ተወጥሯል፤ ፎጣዎቹ የሚሰቀሉት እሱ ላይ ነው።

አንባቢዬ፣ በሽተኛ ለመጠየቅ ስትሄድ ርኅራኄህን ይዘህ ሂድ፤ አፍህን ግን ጠብቅ። ሐኪሙ ይተኛ ያለውን አታስነሳው። ይነሳ ያለውን ግን «አይነሱ» ብለህ በደግነትህ አትጫነው፤ እጅህን ስጠው። አስታማሚዋንም «አንቺስ ደህና ነሽ ወይ?» ብለህ ጠይቃት፤ እሷን የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የለምና።

መምህሩ በሕልማቸው መብረር አልተዉም። ለውጡ፣ አሁን ከመብረራቸው በፊት ጎንበስ ብለው በእግራቸው መግፋታቸው ነው፤ እንደነገሩኝ ከሆነ ከድሮው ይልቅ ከፍ ብለው ይሄዳሉ።

የመጨረሻውን ልንገርና ላብቃ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወጣቷ ከሥራ ስትመለስ እንደ ልማዷ በሩን አንኳኩታ ገባች። መምህሩ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መራመጃው ራቅ ብሎ ቆሟል። ሲያዩዋት እጆቻቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ገፉ። ለሷ ክብር ብቻቸውን ሲነሱ ስታይ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ለታላላቆች ስትለው የኖረችው ቃል ከአፏ ሊወጣ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ በሩ ላይም ቀረች።

በዘመናቸው ስንቱን ክፍል ቁጭ በሉ ያሉት መምህር ግን፣ እስክትቀመጥ ድረስ ቆመው ጠበቋት።